ጨረቃዋ አላደገችም

ውድ ልጆቼ፣

«ጨረቃ ስትወጣ ምጣድ ታክላለች፤ ሲመሽ ለምን ታንሳለች?» ብላችሁ መጠየቃችሁ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። እኛ የፊዚክስ መምህራን ስንቱን ተማሪ «አየሩ እንደ መነጽር ስለሚያጎላት ነው» እያልን ሸኝተናል! አየሩስ አድማስ ላይ ከላይና ከታች ጨፍለቅ ያደርጋታል እንጂ አያሰፋትም። እንዲያውም አናታችን ላይ ስትደርስ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትቀርበን፣ በ1.5 ከመቶ ገደማ የምትተልቀው ያኔ ነው።

እኔንም አትመኑኝ፤ ለኩ። ወረቀት በቢሮ መብሻ ብሱ፤ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ነው። 66 ሳንቲ ሜትር ክር እሰሩበትና ጫፉን ነክሳችሁ፣ ክሩ እስኪወጠር ወረቀቱን አርቁት። አንድ ዓይን ጨፍኑ። ሙሉ ጨረቃ ማታ 12 ሰዓት ግድም ስትወጣ ቀዳዳውን ልክክ ብላ ትሞላለች። 5 ሰዓት ላይ ድገሙት፤ ከሰማይ ዙሪያ 360 ዲግሪ ውስጥ የምትይዘው ስፋት ያው ግማሽ ዲግሪ ነው። ክሩን የናቀ ሰው ሽቅብ ሲያንጋጥጥ ክርኑ ሳያውቀው ይታጠፋል፤ ወረቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከቀረበ ቀዳዳው ይሰፋና «አልኩህ፣ አንሳለች!» ይላል።

የዛሬ ልጆች ከክር ይልቅ ስልክ ይቀናችኋል። ጨረቃዋ ፎቶው ላይ ሽንብራ አክላ ስትመጣ ካሜራውን ትወቅሳላችሁ፤ ያልዋሸው ግን እሱ ነው። ስልክ አስቀምጡ ማለት ልማዴ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው። ዙሙን ሳትነኩ ሁለቴ፣ ስትወጣና ከፍ ስትል፣ አንሱና በማስመሪያ ለኩ። ስታነሱ የፎቶውን ብርሃን ዝቅ ካላደረጋችሁት ጠርዟ ፈስሶ ልኬቱን ያበላሽባችኋል።

የሚያሳስተን አእምሯችን ነው። ሰማዩ ጠፍጣፋ አክንባሎ ይመስለናል፤ አናቱ ቅርብ፣ ጠርዙ ሩቅ። ዓይን ላይ እኩል ሆነው ከሚያርፉ ሁለት ነገሮች ሩቅ የመሰለንን አእምሮ ያገዝፈዋል። የብርሃንና የእይታ ሊቁ ኢብን አል ሃይሰም በ11ኛው መቶ ዘመን የርቀት ግምትን ነገር አንስቶታል። ሁለት እየተጠጋጉ የሚሄዱ መስመሮች አስምራችሁ በመካከላቸው 3፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አግዳሚዎች ብታሰምሩ፣ ጠባቡ ጋ ያለው ይረዝምባችኋል፤ ጣሊያናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖንዞ ያሳየው ይህንኑ ነው። ማብራሪያው ግን እንከን አለው፦ የአድማሷን ጨረቃ «ራቀች» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው «ቀረበች» ነው የሚለው። ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

ዛፉንና ቤቱን በተጠቀለለ ወረቀት ከልላችሁ እዩዋት፤ ትቀንሳለች። ጀርባ ሰጥቶ ጎንበስ ብሎ በእግር መካከል ማየትም ለብዙ ሰው ይሠራል። ጎረቤት እንዳያያችሁ ብቻ።