የወረቀት መኪና ሞዴል ዲዛይን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የመኪና ሞዴል ከወረቀት ስለመንደፍ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በየትኛው ስኬል ልጀምር?

በ1:24 ጀምር። ለእጅ ይመቻል፣ ክፍሎቹም ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባሉ። የእውነተኛውን መኪና ልኬት በ24 ማካፈል ነው። የድሮዋን ቮልስ እንውሰድ። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2400 ሚሊ ሜትር ነው። ለ24 ሲካፈል ልክ 100 ይመጣል። ሌላውን ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር እያመሳከርክ ትሄዳለህ። ከፎቶ የምትነሳ ከሆነ ከሩቅ በዙም የተነሳ የጎን ፎቶ ፈልግ። በቅርብ የተነሳ ፎቶ ቅርጹን ያዛባል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው መኪና ይቀላል?

የድሮው ላንድሮቨር። አብዛኛው አካሉ ጠፍጣፋ ነው።

ጥያቄ፦ የቮልስ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ጎባጣ ክፍል) እምቢ አለኝ። ወረቀቱ ይጨማደዳል። ምን ይሻለኛል?

እህቴ፣ የዚህ ሥራ ዋናው ፈተና ይሄ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ወረቀት የሚጎብጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቱቦ ይሆናል፣ ሾጣጣ ይሆናል፣ ኳስ ግን አይሆንም። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1827 እ.ኤ.አ. ይህን በሒሳብ አሳይቶታል። የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ብትጫኚው ጠርዙ ይቀደድ የለ? ያው ነው።

ስለዚህ ፓራፋንጎውን በቀጫጭን ቁራጮች ከፋፍይው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጉበጥ። አምስት ወይም ስድስት ቁራጭ ለመጀመሪያ ይበቃል። ሲያንስ ማዕዘኑ ጎልቶ ይታያል፣ ሲበዛ ደግሞ መጋጠሚያው ይበዛል። ቁራጮቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርበሽ አታጣብቂ፤ የወረቀቱ ውፍረት ደረጃ ይሠራል። ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝተሽ ከውስጥ በኩል ስስ ወረቀት ለጥፊበት።

ሌላው ትልቁ ነገር የት እንደሚቆረጥ ነው። እውነተኛው መኪና ላይ መስመር ባለበት ቁረጪ፦ በበሩ ዙሪያ፣ በኮፈኑ ጠርዝ። የቮልስ ፓራፋንጎ እኮ በብሎን የሚታሰር፣ ለብቻው የሚፈታ ክፍል ነው። ሞዴሉም ላይ ለብቻው ይሠራ፤ መጋጠሚያው ትክክለኛ ቦታው ላይ ያርፋል። ለእኔ ጎበዝ ዲዛይነር የሚለየው በክፍል ብዛት ሳይሆን በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ማዕዘን ለበዛበት መኪና እርሳስና ማስመሪያ ይበቃሉ። ለክብ ክብ ቅርጽ ግን ብሌንደር የሚባለው የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ፔፓኩራ ዲዛይነር ደግሞ የተሠራውን ቅርጽ ወደ ወረቀት ይዘረጋል። ብቻ የሚቆረጥበትን ቦታ ለፕሮግራሙ አትተዉለት። መጋጠሚያው የት ላይ እንደሚያስጠላ እሱ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጎማ ስሠራ ዙሪያውን የሚዞረው ወረቀት ሁሌ ያጥረኛል።

የወረቀቱን ውፍረት ረስተኸዋል። ከዳር እስከ ዳር 27 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ዙሪያው 84.8 ነው። ወረቀቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢወፍር 0.6 ገደማ ጨምርበት። ትንሽ ይመስላል እንጂ ጎማው የሚገጥመው በዚያች ነው። ቸርኬውን ለብቻው ቆርጠህ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ጥልቀት ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ የ1:24ቱን በ50 በመቶ አሳንሼ ባትም 1:48 ይሆናል?

ልኩ ይሆናል። ወረቀቱ ግን አብሮ አይሳሳም። 5 ሚሊ ሜትር የነበረው የማጣበቂያ ጠርዝም 2.5 ሆኖ ጣት አይዘውም። ጠርዞቹን አስፋ፣ ጥቃቅኑን ክፍል በሥዕል ተካው።

ጥያቄ፦ ያተምኩት ካሰብኩት አነሰ።

ፕሪንተሩ ገጹ ላይ እንዲገባ ብሎ አሳንሶታል። 100 በመቶ የሚለውን ምረጥ። እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የ50 ሚሊ ሜትር መስመር አድርግ። ከመቁረጥህ በፊት በማስመሪያ ለካት።

ጥያቄ፦ የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ኮላ ከመንካቱ በፊት ጠርዙን በተመሳሳይ ቀለም አስምሩበት። ኮላ ከደረቀበት በኋላ ቀለም አይዝም።