አጀንዳዬ የሐሙስ ገበያ መሰለ! የኦርግ ሞድ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ሥራዬን በኦርግ ሞድ እንደምይዝ አንዴ አፌ አመለጠኝና ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እንደ ጅማ ክረምት አላባራ አለ። አንዳንዱ በቴሌግራም መጣ፤ አንዱ ደግሞ አጂፕ ጋ ባጃጅ ውስጥ ነው የያዘኝ። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ።

ለአዲስ አንባቢ፦ ኦርግ ሞድ ሥራህን በተራ የጽሑፍ ፋይል የምትጽፍበት የኢማክስ ክፍል ነው። አጀንዳው ከነዚያ ፋይሎች ሥራህን ለቅሞ አንድ ስክሪን ላይ ያወጣልሃል። የቅንብሮቹን ስም እንደሚነበበው በእኛ ፊደል ጽፌዋለሁ። ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ በቃላቱ መሀል ሰረዝ እያደረጋችሁ።

"አጀንዳዬን ስከፍት 60 ምናምን መስመር ይወጣል፣ ግማሹ ቀይ ነው። ቀለሙን መቀየር ይቻላል?" (የማስተርስ ተማሪ፣ ቂጦ ፉርዲሳ)

ይቻላል፤ ግን ቀለሙን ተወው ወንድሜ። የላክልኝን ፋይል አየሁት። የጻፍከው ሥራ ሁሉ ስኬጁልድ ተደርጓል። "ይህን ጽሑፍ ባነበው ጥሩ ነበር" ያልከው ሳይቀር ቀን ተቆርጦለታል።

ስኬጁልድ ማለት "በዚህ ቀን እጀምረዋለሁ" ማለት ነው። ካልጨረስከው በማግስቱም ይመጣል፣ በሳልስቱም ይመጣል፣ ስንት ቀን እንዳለፈው እየቆጠረ እስክትዘጋው ድረስ እንደ አበዳሪ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ የምር የምትጀምርበትን ቀን ካልወሰንክ ቀኑን ንሣው። ሥራው አይጠፋም፤ በቱዱ (ገና ባልተሠሩ ሥራዎች) ዝርዝር ውስጥ ይቆይሃል። ከአማካሪህ ጋር ያለህ ቀጠሮም ስኬጁልድ አያስፈልገውም። ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ በሹል ቅንፍ (< >) ጻፈው። በቀኑ ይወጣል፣ ሲያልፍ ራሱ ዞር ይላል።

ቀዩ ደግሞ በአብዛኛው ዴድላይን ነው። ኦርግ ሞድ የመጨረሻ ቀን ያለውን ሥራ ከ14 ቀን በፊት ጀምሮ ማስጠንቀቅ ልማዱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚጮህ ማስጠንቀቂያን ደግሞ ሰው መስማት ያቆማል። ኦርግ-ዴድላይን-ዋርኒንግ-ዴይስ የሚለውን 5 አድርገው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ግን 5 ቀን አይበቃም፤ እዚያ ሥራ ላይ ብቻ፣ ቅንፉ ውስጥ ከቀኑ ቀጥሎ ሰረዝ፣ 30፣ ከዚያ ዲ ፊደል ብትጨምር ለሱ ብቻ ከ30 ቀን በፊት ይነግርሃል።

ዜሮ እንዳታደርገው ብቻ። እኔ "ማስጠንቀቂያ ሰለቸኝ" ብዬ ዜሮ አድርጌው የመብራት ሒሳብ መክፈያው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ነው ያየሁት። ሲስተም የለም የተባለውም በዚያው ቀን ነው።

"ዛሬ ሐሙስ ሆኖ አጀንዳው ከሰኞ ይጀምራል። ያለፈውን ምን አደርገዋለሁ?"

ኦርግ-አጀንዳ-ስታርት-ኦን-ዊክዴይ የሚለውን ኒል (በኢማክስ ቋንቋ "አይ" ማለት ነው) አድርጊው፣ ከዛሬ ይጀምራል። የቀኑን ብዛት ኦርግ-አጀንዳ-ስፓን ይወስናል። 3 ወይም 10 ካልሽው ደግሞ የመጀመሪያውን መንካትም አያስፈልግሽም፤ ከሰኞ የመነሣት ጠባይ ያለው ለ7 እና ለ14 ቀን ብቻ ነው።

"እኔ የምኖረው በመስከረምና በጥቅምት ነው፣ አጀንዳው የሚያወራው በሴፕቴምበር። በየቀኑ ማስላት ሰለቸኝ።" (መምህርት፣ መንደራ)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ኢማክስ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ምንም ሳትጭኚ አብሮት የመጣ ነው። ካሌንደሩን ክፈቺና አንድ ቀን ላይ ቆመሽ ፒ ከዚያ ኢ ብትጫኚ በኢትዮጵያ ስንት እንደሆነ ይነግርሻል። ጂ ከዚያ ኢ ብትይው ደግሞ የኢትዮጵያን ዓመት፣ ወርና ቀን ጠይቆ እዚያው ቀን ላይ ይወስድሻል። የወሮቹ ስም በላቲን ፊደል ነው፣ አጻጻፉም እኛ ከለመድነው ለየት ይላል። ታብ ስትጫኚ ዝርዝሩ ስለሚወጣ ከዚያ ምረጪ።

ቀኑ ላይ ከቆምሽ በኋላ ወደ ኦርግ ፋይልሽ ተመለሺና ኮንትሮል ሲ፣ ቀጥሎ የ"ያንሳል" ምልክትን ተጫኚ። ካሌንደሩ ላይ የቆምሽበት ቀን ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። ታኅሣሥ 20 የሚሰጥ ፈተና ካለሽ ታኅሣሥ 20 ብለሽ ፈልገሽ ታስገቢያለሽ። የሚቀመጠው በፈረንጆቹ ነው፤ ኦርግ ሞድ ሌላ አያነብም። ስሌቱ ግን ካንቺ ራስ ወረደ።

አሁን ወደ አጀንዳው። ቀላሉ መንገድ አጀንዳሽ ከሚያነባቸው ፋይሎች በአንዱ ውስጥ፣ በመስመር መጀመሪያ ላይ፣ ሁለት የፐርሰንት ምልክት አድርገሽ በቅንፍ ዲያሪ-ኢትዮፒክ-ዴት ብሎ መጻፍ ነው። በየቀኑ ሥር የእኛ ቀን እንደ አንድ መስመር ይወጣል።

እኔ የምጠቀመው ሌላውን ነው። ኦርግ-አጀንዳ-ፎርማት-ዴት የሚባለው ቅንብር የቀኑን ርዕስ አጻጻፍ ይወስናል፣ ፈንክሽንም (ትንሽ የኮድ ቁራጭ) ይቀበላል። ቀኑን ተቀብሎ መጀመሪያ የተለመደውን ርዕስ በኦርግ-አጀንዳ-ፎርማት-ዴት-አላይንድ፣ ከጎኑ የእኛን በካሌንደር-ኢትዮፒክ-ዴት-ስትሪንግ የሚያያይዝ አንድ መስመር ፈንክሽን ጻፊለት። ከዚያ በፊት ካል-ኮፕቲክ የሚባለውን ፋይል በሪኳየር (ፋይል በሚያስጭነው ትእዛዝ) ጥሪው። አዎ፣ የእኛ አቆጣጠር ያለው ግብጾቹ ቤት ነው፤ ወራቱ አንድ ስለሆኑ ስሌቱን ይጋራሉ። ካሌንደር-ኢትዮፒክ-መንዝ-ኔም-አሬይ የሚባለውን የ13 ወር ዝርዝር በአማርኛ ስሞች ብትተኪው ደግሞ "መስከረም" ብሎ ይጽፍልሻል። እኔ ይህን ያደረግኩ ቀን ያለ ምክንያት አጀንዳዬን አሥር ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ።

በየወሩ የሚደገም ነገር ካለሽ ግን ተጠንቀቂ። የወር በ12 የሚወጣ ማኅበር አለሽ እንበል። "በየወሩ ድገመው" ብትይው የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ስለሆነ ቀስ እያለ ከ12 ይወጣብሻል። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ "በየ30 ቀኑ" በይው። ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ብቻ ለጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ወደፊት ትገፊዋለሽ። አጀንዳው ላይ ሥራው ላይ ቆመሽ ሺፍትና የቀኝ ቀስት በተጫንሽ ቁጥር አንድ ቀን ይገፋል። በዓመት አንዴ ነው፣ አይከብድም።

"ሐኪም ቤት ቀጠሮዬን 3:00 ብዬ ጻፍኩ፤ አጀንዳው ከሌሊቱ ላይ አስቀመጠው። ተበላሽቶ ነው?" (ጡረታ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተር የጀመሩ አባት)

አልተበላሸም ጋሼ። 3:00 ሲሉት እሱ የሚረዳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 09:00 ብለው ይጻፉ፤ ስድስት መጨመር ነው። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ደግሞ 14:00 ይሆናል። እንዳይምታታብዎት ከፈለጉ ርዕሱ ላይ በቃል "ጠዋት 3 ሰዓት" ብለው ይጨምሩበት። እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ፣ በተለይ ቀጠሮውን በስልክ ሰምቼ ስጽፍ።

የዛሬው ቀን ሥር ተሰልፈው የሚያዩዋቸው 8:00፣ 10:00፣ 12:00 እያሉ እስከ 20:00 የሚሄዱት መስመሮች የሰዓት መደብ ናቸው። በእኛ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 መሆኑ ነው። ዓይን ከያዙብዎት አጀንዳው ውስጥ ትልቁን ጂ ሲጫኑ ይጠፋሉ፣ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳሉ።

"ጽፌዋለሁ፣ ግን አጀንዳው ላይ የለም።"

ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ፋይሉ ኦርግ-አጀንዳ-ፋይልስ ውስጥ ገብቷል? ፋይሉን ከፍተህ ኮንትሮል ሲ እና የግራ ማዕዘን ቅንፍ ብትጫን ይገባል። ሁለተኛ፣ ቀን አለው? የሳምንቱ አጀንዳ ቀን የሌለውን ሥራ አያሳይም። እሱን የምታገኘው የአጀንዳው ምርጫ ሲመጣ ቲ ብለህ ነው። ያንን ዝርዝር ከፍቶ የማያይ ሰው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

"የቡና አቅራቢ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሸት ቡና መግባት ሲጀምር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መተንፈሻ የለም። የዛሬ ሥራዬን፣ መደወል ያለብኝን ሰዎችና ከሌላ ሰው የምጠብቀውን በአንድ ስክሪን ማየት እፈልጋለሁ።"

ከመጡልኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሥራዋን አይታ ነው የጠየቀችው። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከሌላ ሰው ያማረ ስክሪን ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት 14 እይታ ሠርቼ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሰጥቼ። ከወር በኋላ የምከፍተው ሁለቱን ነበር፤ የቀሩት ምን እንደሚያሳዩ እንኳን ረስቼዋለሁ። አንቺ ግን ሦስት ነገር አልሽ። ሦስት ክፍል እንሠራለን።

መጀመሪያ ፋይሉን እናዘጋጅ። የሥራው ሁኔታ የግድ በእንግሊዝኛ መሆን የለበትም። ኦርግ-ቱዱ-ኪዎርድስ ውስጥ "ይሠራ"፣ "ይጠበቃል"፣ ከዚያ ቋሚ መስመር፣ ከዚያ "አለቀ" ብለሽ ጻፊ። ከቋሚው መስመር በኋላ ያለው ያለቀ ማለት ነው። ታግም (የሥራው መለያ ቃል) በአማርኛ ይሆናል፤ መደወል ያለብሽ ሥራ ርዕስ መጨረሻ ላይ "ስልክ" ብለሽ በሁለት ባለሁለት ነጥብ መሀል (:ስልክ:) አድርጊው።

ቀጥሎ ኦርግ-አጀንዳ-ከስተም-ኮማንድስ ነው። ቅርጹ እንዲህ ነው፦ መጥሪያ ፊደል፣ ስም፣ ከዚያ በአንድ ቅንፍ ውስጥ ክፍሎቹ። የመጀመሪያው ክፍል አጀንዳ ነው፣ ስፓኑን 1 አድርጊው፤ ዛሬን ብቻ ያሳይሻል። ሁለተኛው ታግስ-ቱዱ፣ ከጎኑ "ስልክ"። ሦስተኛው ቱዱ፣ ከጎኑ "ይጠበቃል"። ለየክፍሉ በኦርግ-አጀንዳ-ኦቨርራይዲንግ-ሄደር ርዕስ ስጪው፤ "ዛሬ"፣ "ይደወል"፣ "ከሰው እጅ ያለ" በይው። ያለዚያ የራሱን ረጅም የእንግሊዝኛ ርዕስ ይደረድርብሻል።

ሰው የሚሳሳተው ቅንፍ ላይ ነው። የአንድ ክፍል ቅንብር በዚያው ክፍል ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉንም እንዲነካ የምትፈልጊው ከክፍሎቹ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ስፓን 1 ያልሽው አልሠራ ካለ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ቅንፉ ቦታውን ስቶ ነው። ቅንፍ መቁጠር ካስጠላሽ የአጀንዳው ምርጫ ላይ ትልቁን ሲ ተጫኚ፤ በፎርም እየሞላሽ የምትሠሪበትን ገጽ ይከፍትልሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ያጋጥምሻል። ዛሬ ስኬጁልድ ያደረግሽው ስልክ ሁለት ቦታ ይወጣል፣ "ዛሬ" ሥርም "ይደወል" ሥርም። "ይደወል" የሚለው ክፍል ላይ ኦርግ-አጀንዳ-ስኪፕ-ፈንክሽን ጨምሪና ስኬጁልድ ወይም ዴድላይን ያለውን እንዲዘል ንገሪው። ኦርግ-አጀንዳ-ስኪፕ-ኤንትሪ-ኢፍ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሲታይ ሥራው የበዛ ይመስላል፣ በቡና ሰሞን ደግሞ ያለው ይበቃሻል።

ኦርግ ሱፐር አጀንዳ የሚባል ተጨማሪ ጥቅል አለ፣ አንዱን ዝርዝር በየርዕሱ የሚከፋፍል። ጥሩ ነው። ለዚህ ግን አያስፈልግሽም።

"ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ አጀንዳው ሲከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል።"

ፋይል አብዝተሃል። አጀንዳው በተከፈተ ቁጥር የተመዘገቡትን ፋይሎች ሁሉ ይፈትሻል፣ ያለቀውን ሥራ ጭምር። ኮንትሮል ሲ፣ ኮንትሮል ኤክስ፣ ኮንትሮል ኤ ያለቀውን ሥራ ወደ አርካይቭ ፋይል ይወስደዋል። ማስታወሻና የንባብ ፋይሎችህንም ከዝርዝሩ አውጣቸው። ሙሉ ፎልደር ከመዘገብክ እዚያ ውስጥ ያለ የኦርግ ፋይል ሁሉ ይገባል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

"አለቃዬ ኮምፒውተር አያይም። የሳምንቱን ሥራ በወረቀት አምጣ ይላል።"

አጀንዳውን እንደምትፈልገው ክፈትና እዚያው ኮንትሮል ኤክስ፣ ኮንትሮል ደብልዩ ተጫን። የፋይል ስም ይጠይቅሃል። መጨረሻውን ኤችቲኤምኤል ካልከው፣ ኤችቲኤምኤላይዝ የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ከተጫነልህ፣ በብራውዘር የሚከፈት ከነቀለሙ ያወጣልሃል፤ ቲኤክስቲ ካልከው ተራ ጽሑፍ። አይሲኤስ ካልከው ደግሞ የስልክ ካሌንደር የሚቀበለው ፋይል ይሆናል። ለአለቃህ ኤችቲኤምኤሉን አትምለት። ግን ከማተምህ በፊት የግል ሥራህን ደብቅ፤ አጀንዳው ውስጥ ከሥራ ፋይልህ የመጣ መስመር ላይ ቆመህ የ"ያንሳል" ምልክትን ብትጫን የዚያ ፋይል ሥራ ብቻ ይቀራል። እኔ አንዴ ሳልደብቅ አትሜ፣ "ለአለቃ ስለ ጭማሪ መናገር" የሚለው ለሦስተኛ ሳምንት እንዳለፈው አለቃዬ ራሱ አንብቦልኛል።