ዲሌዩ ከችክችካው ሲጣላ፦ ጥያቄና መልስ

ጥር ገባ፣ ሰርጉም ደራ። ከባሕር ዳር የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ከሞላ ጎደል ስለ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመው) እና ስለ ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት የሚጨምረው) ሆነዋል።

ዲሌዩን ከቴምፖው (ከዘፈኑ ፍጥነት) ጋር ሲንክ አድርጌ (አስማምቼ) ባለ ነጥብ 1/8 (የምቱ ሦስት አራተኛ) ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ዘፈን ላይ አሪፍ ነው፤ የጎጃም ጭፈራ ላይ ግን ክራሩን አተረማመሰብኝ። (ከፔዳ)

ፕለጊኑ (የዲሌዩ ሶፍትዌር) ምንም አልሆነም። ጭፈራው ችክችካ ነው፤ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። ባለ ነጥብ 1/8 የሚያምረው ምቱ ለአራት ሲከፈል ነው። ፕሮጀክትህ 4/4፣ 120 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ነው እንበል። የደቂቃውን 60,000 ሚሊሰከንድ ለ120 ስታካፍል አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የችክችካው ክፋዮች 167 እና 333 ላይ ይወድቃሉ፤ ያንተ ዲሌይ የሚመልሰው ግን 375 ላይ፣ ከሦስተኛዋ ክፋይ 42 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። የተደናቀፈ የሚመስልህ ለዚህ ነው። ለሦስት የሚከፍለውን ትሪፕሌት 1/4 (333) ወይም ትሪፕሌት 1/8 (167) አድርገው።

በ6/8 ከከፈትከው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሶፍትዌር እዚያም ቢፒኤሙን በ1/4 ኖታ ስለሚቆጥር፣ እግርህ በየሦስት 1/8 ኖታው፣ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታው ዘፈን 180 ተብሎ ይጻፋል። ያኔ ተራው 1/4 ራሱ 333 ይሰጥሃል፤ ባለ ነጥብ 1/4 ደግሞ 500። እኔ ለክራር 333ቱን እመርጣለሁ፤ 500ው ምቱ ላይ ስለሚደረብ ከበሮው ይውጠዋል።

አዝማሪው ጭፈራው ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ለማሲንቆው የቱን ቁጥር ልያዝ? (ከጣና ዳር)

ቁጥሩን ይተዉት። ታፕ ቁልፍ (ፍጥነቱን በጣት እየመቱ የሚያስይዙበት) ካለዎት ከበሮውን እየሰሙ በየመሀሉ ይምቱት፤ ከሌለዎት 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ አንድ መልስ ብቻ ይስጡ። ማሲንቆ ድምፁን እየሳበ ስለሚሄድ ፊድባክ (የዲሌዩ መልስ መደጋገም) ሲበዛበት ይጨቀያል።

ሪቨርብስ ሲንክ ይደረጋል? የምሠራው ዝግ ያለ የትዝታ ዘፈን ነው፣ 80 ቢፒኤም። (ከግሽ ዓባይ)

ይደረጋል፣ ግን እንደ ዲሌይ ጥብቅ አይደለም። ምትሽ 750 ሚሊሰከንድ ነው። ፕሪዲሌዩን (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) 1/64፣ ማለትም 47 ሚሊሰከንድ ገደማ ብታደርጊው የዘፋኟ ቃል ጥርት ብሎ ይወጣል። ዲኬዩን (ሪቨርቡ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ) ከፕሪዲሌዩ ጋር ሁለት ምት እንዲሞላ 1.45 ሰከንድ አድርገሽ ጀምሪ። ዲኬይ የሚለካው ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ ድረስ ስለሆነ፣ ጭራው ከባንዱ ሥር ቀድሞ ይጠፋል። አጠረ ካልሽ በጆሮሽ ጨምሪበት።

ለሰርግ አዳራሽ ስንት ሪቨርብ?

ዜሮ። ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ራሱ ከበቂ በላይ ይሰጥሃል።

ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ፣ ከመድረኩ 30 ሜትር ርቀት ሁለተኛ ስፒከር አቁመን ድምፁ ሁለት ሆነብን።

ይሄ ዲሌይ ከዘፈኑ ጋር አይገናኝም፤ የሚታሰበው በርቀት ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 2.9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የኋላውን ስፒከር በ87 ሚሊሰከንድ አዘግዩት። ጆሮ ድምፁን ከመድረኩ እንደመጣ እንዲቆጥረው ሌላ 10 ወይም 15 ጨምሩበት፤ ከዚያ ዘፈን ቢቀየርም አትንኩት።