ባዕድም እንግዳም፦ የግሪክ ደሴቶች መስተንግዶ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ያደጉት ሴት አያቴ፣ ግሪካውያን ጎረቤቶቻቸው ደጃቸውን ለረገጠ ሁሉ ጣፋጭ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ያቀርቡ እንደነበር ያወጉኛል። ልማዱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አያትዎ ያወጉዎት በግሪክ ደሴቶች ዛሬም ያለ ልማድ ሲሆን፣ በስኳር የተቀቀለ ፍሬ ወይም የብርቱካን ልጣጭ በትንሽ ሳህን ላይ በማንኪያ ይቀርባል፤ ቡናም ይከተላል። መስተንግዶውን «ፊሎክሴኒያ» ይሉታል፤ «ክሴኖስ» ባዕድንም ተጋባዥንም ስለሚያመለክት ፍቺው ባዕድን መውደድ ነው፤ የእኛም «እንግዳ» ሁለቱንም መያዙ እጅግ ደስ ያሰኛል። በጥንቱ እምነታቸው የእንግዶች ጠባቂ የአማልክት አለቃው ዜውስ ራሱ ስለነበር፣ በኤጂያን ባሕር ነፋስ ጉዞው የተሰናከለበትን መንገደኛ ማንነቱን ከመጠየቅ አስቀድሞ ማብላት ተገቢ ነበር።