ገበናው የማን ነው?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ በአስጎብኚነት ሥራ እተዳደራለሁ። ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶቼ መኝታ የሚይዙት በየሆቴሉ ድረ ገጽ ሲሆን፣ አንዳንዱ ገጽ የፓስፖርት ፎቶ ጭምር ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት አንዲት እንግዳ «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ አይታ ሐሳቧን ለወጠች። ለሆቴሉ ሁለት ጊዜ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም። እኛ አስጎብኚዎች ድረ ገጾቹን መርምረን ውጤቱን በይፋ ብናወጣ የሰው ገበና አደባባይ እንዳወጣን አይቆጠርብንም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ገበናው የማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። የድረ ገጹ አሠራር ለከፈተው ሁሉ የሚታይ ሲሆን፣ መሸፈን ያለበት የእንግዳዋ ፓስፖርት ነው። አድራሻው በ«ኤችቲቲፒኤስ» የማይጀምር ገጽ የተሞላበትን ሁሉ ያለ ምስጠራ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው ወደ ምስጢራዊ ኮድ ሳይለውጥ፣ ስለሚልከው፣ እንግዳዋ ፒያሳ ካፌ ተቀምጣ ብትሞላው የካፌውን ዋይፋይ የሚቆጣጠር ሰው ሊያነበው ይችላል። ጉዳቱ በእርሷ ላይ እንጂ በሆቴሉ ላይ ስለማይደርስ ባለቤቱ አይቸኩልም፤ ለብቻው የተነገረውም ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ፍሬ የማያፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

ይፋ ማድረግ አዲስ መንገድ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ከጂሜይል ጋር የሚጻጻፉ የኢሜይል አገልግሎቶች መልእክት በምስጠራ መላክ አለመላካቸውን በስም ለይቶ ለሕዝብ ማሳየት ጀምሯል። እንግዳዎ ያየችው ዓይነት ማስጠንቀቂያም የጎግል የድር ማሰሻ ክሮም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ምስጠራ በሌላቸው ገጾች ሁሉ ላይ የሚያሳየው ነው። የገንዘብ ምክንያትም አያስኬድም፤ «ሌትስ ኢንክሪፕት» የተባለው ድርጅት ለምስጠራው የሚያስፈልገውን ዲጂታል ሰርተፍኬት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ይሰጣል።

ሆኖም አወጣጡ ፍትሐዊ ካልሆነ ሐሜት ይሆናል። ሆቴሎቹን ሁሉ፣ ወዳጅ የሆኑትንም ጨምሮ፣ በአንድ መስፈርት መርምሩ፤ ያገኛችሁትን በቅድሚያ በደብዳቤ አሳውቃችሁ አንድ ወር ያህል ጊዜ ስጡ፤ በዝርዝሩ ላይ የምርመራውን ቀን ጻፉ፤ ያስተካከለ ሆቴል ሲኖር መዝገቡን በዚያው ዕለት ለውጡ። አጥብቄ የማሳስበው ግን ማንኛውም ጎብኚ ከሚያየው አልፋችሁ ወደ ሥርዓቱ ለመግባት እንዳትሞክሩ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ወንጀል ነው። የእንግዳ ሰነድንም ለማስረጃ ብላችሁ አታሳዩ።

ምስጠራ መኖሩ ፎቶው ከደረሰ በኋላ በእንግዳ ተቀባዩ ስልክ ላይ መቅረት አለመቅረቱን አይነግረንም። ይህን ከውጭ ማየት ስለማይቻል ሰነዱን ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን እንዳለ አውጡ፤ መልስ ያልሰጠውንም «አልመለሰም» ብላችሁ መዝግቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ በሚሰበስቡ ላይ ግዴታ ጥሏል፤ አቤቱታ ቢኖራችሁ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ደብዳቤዎቹን በኅዳር መጀመሪያ ብትልኩ፣ ሆቴሎቹ ጥር 11 ከመድረሱ በፊት ለማስተካከል በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።