የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞተሩ ሁለት ጊዜ የሚነሳው ሎኮሞቲቭ

ጥያቄ፦ ድምፅ የሚያሰማ ዲጂታል ዲኮደር (የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩንና ድምፁን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የተገጠመለት፣ በ1፡87 ልኬት የተሠራ የጀርመኑ ፋው 200 የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል በቅርቡ ገዝቻለሁ። የድምፁን ቁልፍ ስጫን ሞተሩ ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንደገና የመነሳት ድምፅ ይሰማል። ፍጥነት ስጨምር ድምፁ ወዲያው ከፍ ቢልም ሎኮሞቲቩ የሚንቀሳቀሰው ዘግይቶ ነው፤ በጉዞ መካከልም ድምፁ ለአፍታ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ዲኮደሩ ተበላሽቶ ይሆን? ለሻጩስ ልመልሰው?

መልስ፦ አይመልሱት። የጠቀሷቸው ሦስቱም ነገሮች ከእውነተኛው ሎኮሞቲቭ አሠራር የተወሰዱ ናቸው፤ ድምፁን ያዘጋጀው ባለሙያም ማሽኑን በደንብ የሚያውቅ ይመስላል።

የምዕራብ ጀርመን ምድር ባቡር የነበረው ዶይቸ ቡንደስባን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ፈጣን የመንገደኛ ባቡሮችን ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ለማሸጋገር በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ነገር ግን በአራት አክስሎች ላይ የሚያርፍና 80 ቶን ገደማ ብቻ የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ይፈልግ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ከባድና ዝግተኛ ሞተር ማሟላት ስለማይቻል፣ የክራውስ-ማፋይ ፋብሪካ ከ1953 ጀምሮ የሠራቸው አምስት የሙከራ ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው በፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት ቀላል ሞተሮች ተገጠሙላቸው። ከ1956 ጀምሮ በክራውስ-ማፋይና በኪል ከተማ በነበረው ማክ ፋብሪካ የተሠሩት 81 ሎኮሞቲቮችም የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ሞተሮቻቸው ባለ 12 ሲሊንደር ሲሆኑ የእያንዳንዳቸው ኃይል 1,100 የፈረስ ጉልበት ነበር። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ኃይል ማስተላለፊያ ያለው ሆኖ ከሁለቱ ቦጊዎች (ከሎኮሞቲቩ ሥር ጎማዎቹን የያዙ ማቀፊያዎች) አንዱን ብቻ ስለሚያሽከረክር፣ ነጂው የሚያስነሳቸው አንዱን ከሌላው በኋላ ነበር። እርስዎ የሚሰሙት ሁለተኛው የመነሳት ድምፅ የሁለተኛው ሞተር ነው። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ፍጥነታቸው ፈጽሞ እኩል ስለማይሆን፣ ድምፃቸው እየተደራረበ ከፍና ዝቅ የሚል ጉርምርምታ ይፈጥራል፤ በእኔ አስተያየት የዚህን ሎኮሞቲቭ ሞዴል ድምፅ ባለው ዲኮደር መግዛት የማያስቆጨው ይህ ጉርምርምታ ሲኖር፣ የሚያስቆጨው ደግሞ ሳይኖር ሲቀር ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚደርሰው በዘይት አማካይነት መሆኑ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው መዘውር ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘውን ሌላ መዘውር ያዞራል። በሁለቱ መካከል የብረት ግንኙነት ስለሌለ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት እየሠራ ባቡሩ ገና ከቆመበት ሊሆን ይችላል። በእንፋሎት ሞዴሎች የለመደ ጆሮ የጭስ ማውጫው ምት ከጎማው ዙር ጋር እንዲገጥም ስለሚጠብቅ ይህ እንግዳ ይሆንበታል፤ እንዲህ ኃይሉን በዘይት በሚያስተላልፍ የናፍጣ ሃይድሮሊክ ሎኮሞቲቭ ግን የሞተሩ ድምፅ የሚናገረው የጭነቱን ልክ እንጂ የጎማውን ፍጥነት አይደለም። በጉዞ መካከል ድምፁ የሚወርደው ደግሞ መኪድሮ የተባለውን ማስተላለፊያ ለማስመሰል ነው፤ ይህ ማስተላለፊያ አራት ማርሽ ያለው በመሆኑ ማርሽ ሲቀየር የሞተሩ ጉልበት ለአፍታ ይቋረጣል። በሌሎቹ የፋው 200 ሎኮሞቲቮች ላይ የተገጠመው የፎይት ማስተላለፊያ ግን አንዱን የዘይት ክፍል አጉድሎ ሌላውን በመሙላት ስለሚሠራ የማርሽ መቆራረጥ አይሰማበትም።

ድምፁ ሙሉ መልኩን እንዲያሳይ ጊዜ ይስጡት። ሞዴል ባቡሮችን በዲጂታል ትእዛዝ በሚቆጣጠረው የዲ.ሲ.ሲ. ሥርዓት፣ የፍጥነት አጨማመርን የሚወስነው ሲ.ቪ. 3 የተባለው በዲኮደሩ ውስጥ የሚስተካከል ቁጥር ነው፤ በመደበኛው ስሌት ቁጥሩ በ0.896 ሲባዛ ከቆመበት እስከ ሙሉ ፍጥነት የሚወስደውን ሰከንድ ይሰጣል፤ አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ስሌት ስላላቸው መመሪያውን ይመልከቱ። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነ ሎኮሞቲቩ ወዲያው የተፈለገው ፍጥነት ላይ ስለሚደርስ ሞተሩ የሚያገሳበት ፋታ አያገኝም። በመደበኛው ስሌት ከ30 ቢጀምሩ፣ ማለትም ከ27 ሰከንድ ገደማ፣ ልዩነቱን ይሰሙታል። ሲ.ቪ. 5ን ደግሞ ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ ከ45 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ አድርገው ቢያስተካክሉት፣ በዚህ ልኬት የ140 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማለት ያ ነውና፣ ድምፁና እንቅስቃሴው ይጣጣማሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሞዴል ድምፅ ቀጭንና የሚንጫጫ ነው። የተሻለ ዲኮደር ልግዛ?

መልስ፦ ከዲኮደሩ በፊት ስፒከሩን ይመርምሩ። የስፒከሩ ፊትና ጀርባ የሚፈጥሩት ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ፣ ጀርባው አየር በማያስገባ ሳጥን ካልተዘጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሳጥኑን በጥንቃቄ ካሸጉ በኋላ ድምፁን ቀነስ ያድርጉት፤ ትንሽ ስፒከር ከአቅሙ በላይ ሲጮህ ነው የሚንጫጫው።

ጥያቄ፦ በአንዳንዱ ሞዴል ላይ ፋው 200፣ በሌላው ላይ 220 ተጽፎ አያለሁ። ሁለት ዓይነት ሎኮሞቲቭ ናቸው?

መልስ፦ አንድ ናቸው። ዶይቸ ቡንደስባን በ1968 የሎኮሞቲቮቹን ቁጥር ለኮምፒውተር እንዲመች ሲቀይር ፋው 200 ወደ 220 ተለወጠ። 221 የሚል ካዩ ግን ያ በ1960ዎቹ በ50 ቁጥር የተሠራው፣ ሁለት ባለ 1,350 የፈረስ ጉልበት ሞተሮች ያሉት ተከታዩ ዓይነት ነው። ስለዚህ 220 ቁጥር ካለው ሎኮሞቲቭ ኋላ የሚቀጥሏቸው ፉርጎዎች የ1968ና ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ጽሑፍ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል።