አዲስ ቶርኖ ወይስ ያገለገለ? በውጭ አገር ማሽን ለምትገዙ ወገኖቼ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መኖር ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁትም በቶርኖ፣ ብረት እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን፣ ፊት ቆሜ ነው። አገር ቤት በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ሙያውን የተማሩ ወጣቶች በየጊዜው ይደውሉልኛል። በቤታቸው ጋራዥ የሚያኖሩት ቶርኖ ሊገዙ አስበው አዲሱ ይሻል እንደሆነ ወይም ያገለገለው ይጠይቁኛል። የሚያሳዝነኝ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ከገዙ በኋላ መሆኑ ነው።

1. ቤቱ

ከማሽኑ በፊት ቤታችሁን እዩ። ከፋብሪካና ከትምህርት ቤት የሚወጡ ከባድ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር በሚመጣ መብራት፣ ይሠራሉ፤ በአሜሪካ መኖሪያ ቤት ያለው ግን ባለአንድ ፌዝ 120 እና 240 ቮልት ነው። ይህ ማሽኑን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ 240 ቮልት ተቀብሎ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ችግሩን ይፈታዋል፣ የሞተሩን ፍጥነትም እንደልብ ለመቆጣጠር ያስችላል። ወለሉ የኮንክሪት ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፣ ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ፤ ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

2. አዲሱ

ሰባት ኢንች የሚባለው (ቁጥሩ ማሽኑ ሊያዞረው የሚችለው ትልቁ ሥራ ስፋት ነው) ትንሹ የቻይና ቶርኖ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ረዳት ለሌለው፣ ነሐስና አሉሚኒየም እየቆረጠ ትናንሽ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ይበቃል፤ እሱን የገዛ ተሳስቷል አልልም። ብረት ለመቁረጥ ለተነሣ ሰው ግን ቅለቱ ጉዳት ነው፤ ቢላው ጠለቅ ሲል ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ የሥራውም ገጽ ይሻክራል። አዲስ ስለሆነም ከሣጥኑ ወጥቶ ወዲያው የሚሠራ አይምሰላችሁ። የመጓጓዣ ቅባቱ ታጥቦ፣ ተንሸራታች ክፍሎቹ ተስተካክለው፣ ቴልስቶኩ (የሥራውን ሌላ ጫፍ የሚደግፈው ክፍል) ከመሃል መስመር ጋር መግጠሙ ተለክቶ ነው ሥራ የሚጀመረው። ብዙዎች ገንዘባቸውን በሙሉ ማሽኑ ላይ ጨርሰው ለቢላ፣ ሥራውን ጨብጦ ለሚይዝ ባለአራት መንጋጋ ቸክና ለመለኪያ አንድ ዶላር አይተርፋቸውም።

3. ያገለገለው

በተመሳሳይ ዋጋ ያገለገለ ሳውዝ ቤንድ፣ ሎጋን ወይም ክላውሲንግ የሚባል የአሜሪካ ቶርኖ ማግኘት ይቻላል። ሳውዝ ቤንድ እ.ኤ.አ. በ1906 በኢንዲያና ግዛት የተመሠረተ ፋብሪካ ነው፤ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት የሠራቸው ባለዘጠኝ ኢንች ቶርኖዎች ዛሬም በየጋራዡ ይሠራሉ። ግን አይታችሁ ግዙ። አዲስ ቀለም ማስረጃ አይደለም፤ እንዲያውም ትኩስ ቀለም ሳይ የበለጠ እጠራጠራለሁ።

የማሽኑ አልጋ (ቢላውን የተሸከመው ሰረገላ የሚንሸራተትበት መሠረት) ከሁሉ በላይ የሚበላው በቸኩ አጠገብ ነው፤ ሥራው የሚበዛው እዚያ ነውና። ሰረገላውን በዚያ ቦታ ጨዋታ እንዳይኖረው አጥብቁትና ወደ ቴልስቶኩ ግፉት፤ መንገድ ላይ ከተያዘ አልጋው በቸኩ በኩል ተበልቷል ማለት ነው። ከዚያ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ ጠቋሚ መለኪያ) ስፒንድሉ (ቸኩን ተሸክሞ የሚዞረው ዘንግ) ላይ አሳርፋችሁ፣ በስፒንድሉ ቀዳዳ እንጨት አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሡት። እንቅስቃሴው ከጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ካለፈ ኩሽኔታውን ለማስተካከል ወይም ለመለወጥ ምን እንደሚያስወጣ ሳታውቁ ዋጋ አትቁረጡ። ማሽኑን በከፍተኛ ፍጥነት አስነሥታችሁ ድምፁን ስሙ። የማርሾቹን ጥርሶች አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ አትላስ የሚባሉት የአሜሪካ ማሽኖች መቀያየሪያ ማርሾች ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ በመሆናቸው የተሰበረ አይጠፋባቸውም።

አሜሪካ የተሠራው አሮጌ ማሽን የብሎን ጥርስ የሚያወጣው በኢንች ልክ ነው። በሚሊሜትር በትክክል እንዲያወጣ ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ይፈልጋል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነና 127 የዚህ ቁጥር አምስት እጥፍ ስለሆነ ነው። ሻጩን ይህ ማርሽ መኖሩን ጠይቁት፤ ከሌለ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

4. ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

እስካሁን የጻፍሁት ለራሱ ለሚገዛ ሰው ነው። ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ግን ይህኛውን ነው።

ታናሽ ወንድሜ በአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በሰው ቶርኖ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የራሱ ማሽን እንዲኖረው ብዬ የሁለት ዓመት የትርፍ ሰዓት ገንዘቤን አጠራቀምሁ። በዚያው ሰሞን በአቅራቢያዬ ያለ የሙያ ማሠልጠኛ አንድ ከባድ ያገለገለ ቶርኖ ከአዲሱ ዋጋ ከግማሽ በታች ይሸጥ ነበር። አይቼው፣ ነክቼው፣ ጥሩ መሆኑን በሙያዬ አውቄ ተውሁት። ምክንያቴ ይሉኝታ ነበር፤ «አሜሪካ እየኖረ ለወንድሙ አሮጌ ብረት ላከለት» መባልን ፈራሁ። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ባለ 10 ኢንች አዲስ ማሽን ገዝቼ፣ ለወንድሜ አንድ ቃል ሳልነግረው፣ ድንገት ደርሶ እንዲደሰት ብዬ ላክሁለት።

ማሽኑ የተሠራው ለ120 ቮልት ነበር፤ ኢትዮጵያ ያለው 220 ነው፤ ትራንስፎርመር ተገዛ። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የሚደርስበትን ጫና ቦርዱ አልቻለም፤ በጥቂት ወራት ተቃጠለ። ሌላ ላክሁ፤ እሱም ተቃጠለ። ያ ትቼው የሄድሁት አሮጌ ማሽን ተራ የሦስት ፌዝ ሞተር ነበረው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ቢቃጠል በአዲስ አበባ የሚጠቀልሉት ባለሙያዎች ሞልተዋል፤ ቦርዱን ግን የሚጠግን ሰው አልተገኘም። ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ ማሽኑ ቢሠራም ኖሮ ለወንድሜ ሥራ የማይሆን መሆኑ ነው። ወደ እሱ የሚመጣው የአይሱዙ የፍሬን ታምቡር ነበር፤ ያም በባለ 10 ኢንች ማሽን ላይ አይዞርም።

ወንድሜ ይህን ለአንድ ዓመት ያህል ደበቀኝ። ማሽኑን በአንሶላ ሸፍኖት፣ እናታችን ለእንግዳ ሁሉ በኩራት እያሳየችው፣ እሱ በየማለዳው ወደ ሰው ቶርኖ ቤት ይሄድ ነበር። በመጨረሻ አገር ቤት ገብቼ ባየሁት ጊዜ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ወንድም ጋሼ፣ ብትጠይቀኝ ኖሮ ልኩን እነግርህ ነበር።» ከእኔ ይልቅ ማሽኑን የሚያውቀው እሱ ነበር። ገንዘቡ የእኔ ስለሆነ ብቻ ዕውቀቱም የእኔ መሰለኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አንድ ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት በማሽኑ ላይ የሚቆመውን ሰው ጠይቁ። የሚመጣለት ሥራ ምን እንደሆነ፣ ትልቁ ሥራ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ቤቱ የሦስት ፌዝ መስመር እንዳለው ይንገራችሁ። የአሜሪካ ሞተር የሚሠራው በ60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህን አይለውጥም፣ ሞተሩም ቀስ ብሎ እየዞረ ይግላል። የማጓጓዣውንና የጉምሩኩን ወጪ ከነማሽኑ ዋጋ ደምራችሁ፣ በዚያው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ከሚዘጋ ጋራዥ ምን እንደሚገኝ እሱ ራሱ ዞሮ ይይ። ለሠርግና ለምርቃት ድግስ ስንልክ የማንጠይቀውን ጥያቄ፣ ቢያንስ ለእንጀራው ስንልክ እንጠይቅ።

ያን ማሽን ለማጓጓዣ ካወጣሁት ባነሰ ዋጋ ሸጥነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድሜ ከአንድ ጋራዥ አሮጌ፣ ከባድ፣ ቀለሙ የረገፈ ቶርኖ አገኘ፤ አልጋውን ራሱ ለክቶ፣ ፎቶውን ልኮልኝ፣ ግማሹን ዋጋ እሱ ግማሹን እኔ ከፈልን። ከእኔ በዕቃ የጠየቀኝ አንድ ዳያል ጌጅና አንድ ባለአራት መንጋጋ ቸክ ብቻ ነበር፤ ቸኩ የሚገባበትን የስፒንድሉን አፍ ጥርስ በካሊፐር ለክቶ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ቸኩን በሻንጣዬ ይዤለት ሄድሁ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ገጠመ።